ሊቀ አስተያየት ገብረወልድና የደኗ ልጅ

ገበያ የሌለው ከተማ ይኖር ይሆናል። ፖሊስ ጣቢያ የሌለውም አይጠፋ ይሆናል። አስተያየት ሰጪ የሌለው ከተማ ግን እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። ያልቀመሰውን ወጥ ጨው አነሰው የሚል፣ ያልሄደበትን መንገድ ጠማማ ነው የሚል፣ ሰርግ ላይ ለሙሽራው፣ ቀብር ላይ ለሟቹ ምክር የማያጣ አንድ ሰው በየከተማው ተመድቧል። ቢላም የራሷ አላት፤ አርጆም የራሷ አላት። ለነቀምቴ የደረሷት አቶ ገብረወልድ ነበሩ፤ ነቀምቴም በዚያ ዘመን እንደ ነበረው ምደባ ሁሉ ይግባኝ ሳትል ተቀበለች።

አቶ ገብረወልድ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። አባታቸው ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ ቀሩ፤ እሳቸው እዚሁ ተወለዱ፣ እዚሁ አገቡ፣ ሚስታቸውንም እዚሁ ቀበሩ። ጠዋት «አካም ቡልተን!» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ የከፈቱትን ወሬ በአማርኛ ትችት ይዘጉታል። ትችቱ ሁልጊዜ የሚጀምረው «እንደኔ እንደኔ…» በሚለው ነው። ይህችን የሰማ የነቀምቴ ሰው ወንበሩን ያመቻቻል፤ ቶሎ እንደማያልቅ ያውቃልና።

አንድ ጊዜ በአንድ ትልቅ ሰው ቀብር ላይ፣ አልቃሹ ድምፁ እስኪዘጋ አልቅሶ ሲበቃው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ሟቹ ልጅ ጠጋ አሉና፣ «እንደኔ እንደኔ ለቅሶው ጥሩ ነበር፤ መሀሉ ላይ ግን ላላ» አሉት። ሌላ ጊዜ የአርጆን መንገድ የሚጠርገውን ግሬደር አስቁመው ነጂውን ስለ ኩርባ አስተማሩት። ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ አዳመጣቸው፤ መሐንዲስ መስለውት ነበር። ቄሱንም ስብከታቸው ረዘመ ብለው ይገሥጿቸዋል፤ ተግሣጹ ከስብከቱ ይረዝማል።

«ሊቀ አስተያየት» የሚለውን ማዕረግ የሰጠቻቸው ብርቄ ናት። ብርቄ ከመናኸሪያው በላይ ሻይ ቤት አላት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምታንቀሳቅሰው። ክቡርነታቸው ጥግ ያለችውን ወንበር ከያዙ ዓመታት አልፈዋል።

«ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ገብረወልድ! አንድ ቀን እንኳ ዝም ብለው ይዋሉ!» ትላቸዋለች።

«ዝም ያለ ሰው ታሟል ማለት ነው።»

«እንግዲያው አንድ ቀን ይታመሙልኝ!»

በ1979 ዓ.ም. የብርቄ የወንድሟ ልጅ ጃራ፣ ቡልጋሪያ የተላከበትን የእርሻ መሣሪያ ትምህርት ጨርሶ ነቀምቴ ተመደበ። ሌላው ተማሪ ከውጭ ሲመለስ ኮት ይዞ ይመጣል፣ ቴፕ ይዞ ይመጣል፣ ሲብስም ሚስት ይዞ ይመጣል። ጃራ ይዞ የመጣው ከትሪ የማትበልጥ፣ እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፍ የተደረደረባት አንዲት ጥቁር ሳጥን ነበር።

«አዳዳ፣ ይቺ ኮምፒዩተር ናት» አላት አክስቱን።

«ምን ትሠራለች?»

«ታስባለች።»

ብርቄ ሳጥኗን አገላብጣ አየቻት። «እዚህ አገር ለሚያስብ ሰው ቦታ ጠፍቶ፣ እሷን የት ላስቀምጣት ነው?» አለችና፣ ማን እንደሰማት ለማየት ወደ በሩ ዞር አለች።

የተቀመጠችው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ምስል ደስ ሲለው ያሳያል፤ ደስ ሳይለው በረዶ ያዘንባል። ጃራ ሽቦ አገናኘ፤ የሻይ ቤቱ ቴፕ ውስጥ ከሳጥኗ ጋር የመጣ ካሴት ከተተ። ቴፑ በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደተጣሉ ድመቶች ጮኸ። ሻይ ጠጪው ሁሉ ጆሮውን ይዞ «ዝጋው! ዝጋው!» ሲል ጩኸቱ ድንገት ቆመና በቴሌቪዥኑ ላይ ደን በቀለ።

ጨዋታ ነበር። አንዲት ልጅ እህቷን ጨለማ ደን ውጦባታል፤ ፋኖስና መጥረቢያ ይዛ ልታወጣት ትገባለች። ተጫዋቹ ቁልፍ እየተጫነ ያስሮጣታል፣ ያዘልላታል፣ ያዋጋታል። ዛፎቹ እጅ አላቸው። ከዛፎቹ ወዲያ በአጥንት የተሠራ ቤት አለ፤ እዚያ አንዲት አሮጊት ጠንቋይ የሰው ልጅ በድስት ትቀቅላለች። በየመንገዱ አውሬ አለ። ጃራ ተኩላ ነው ቢልም የሰማው የለም፤ ለወለጋ ሰው በጨለማ የሚመጣ ነገር ሁሉ ጅብ ነው። የጨዋታው ስም በባዕድ ፊደል ስለተጻፈ ከተማው የራሱን ሰጠው፤ «የደኗ ልጅ» ተባለ።

ከሥራ በኋላና እሑድ ከሰዓት ሻይ ቤቱ መቆሚያ ጠፋበት። ተጫዋቹ ብዙ፣ አስተያየቱም እንደ ተጫዋቹ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ተረፋ፣ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ የከበረ ብልህ ሰው፣ ልጅቷ በሞተች ቁጥር ከመጀመሪያው መጀመሩ ያንገበግበዋል። «ይሄማ ዕቃህን ጭነህ ጊዳ አያና በር ላይ ስትደርስ፣ 'ተመለስና ከነቀምቴ ጀምር' እንደ መባል ነው! የሠራው ሰው ነግዶ አያውቅም» ይላል። ብሎም እንደገና ይጀምራል። የሆስፒታል ነርሷ ሙሉነሽ ደግሞ ልጅቷ እንጉዳይ በልታ ቁስሏ መዳኑን ይቅር አላለችም። «እኛ አዮዲን አጥተን ስንጨነቅ እሷ በእንጉዳይ!» ትላለች። ይህን ያህል ብትናቀውም ልጅቷ ስትሞት እንባዋን የምትጠርገው እሷው ናት።

ክቡርነታቸው ግን አንድም ቀን ቁልፉን አልነኩም። ከጥጋቸው ሆነው ይፈርዳሉ።

«እንደኔ እንደኔ፣ ይቺ ልጅ አሳዳጊ የበደላት ናት። ደኑ መግቢያ ላይ ያሉትን ሽማግሌ ሰላም ሳትል አለፈች።»

«ሽማግሌ የለም እኮ፣ ጋሼ! ጉቶ ነው!» ይላል ተረፋ።

«ጉቶ? እንዴት ያለ ጉቶ?»

«የተቃጠለ፣ ጎንበስ ያለ፤ ጉጉት ተቀምጦበታል!»

«እንደኔ እንደኔ ጉጉቱ አያስፈልግም ነበር» ብለው ያልፋሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «ጅቡስ ጭራ የለውም፤ ጭራ የሌለው ጅብ ማንን ያስፈራል?» ይላሉ። ያን ጊዜ ቤቱ በሙሉ ይነሣባቸዋል። ጭራው ይህን ያህል እንደሚረዝም፣ እንዴት እንደሚቆም፣ ዓይኑ በጨለማ እንዴት እንደሚያበራ አንዱ ባንዱ ላይ እየጮኸ ያስረዳቸዋል። ተረፋ አንዴ ጅቡን ሆኖ ወለሉ ላይ በአራት እግሩ ሄዷል። ሊቀ አስተያየትም ሰምተው ሰምተው፣ «የጠንቋይዋ ቤት ደግሞ ወረፋ የለበትም። እውነተኛ ጠንቋይ ብትሆን ደጇ በሰው ይሞላ ነበር» ብለው ሌላ ጦርነት ይከፍታሉ።

ብርቄ ከምድጃዋ ሆና ታዳምጣለች። «ሰውዬው ቴሌቪዥኑን እያዩ እንዲህ የሚሳሳቱት ለምቀኝነት ነው» ትላለች በልቧ።

የደኑ መጨረሻ ላይ የደረሰ ሰው አልነበረም። ከአጥንቱ ቤት ወዲያ አንድ ዋሻ አለ፤ ዋሻው አፍ ላይ ጃራ ራሱ ይሞታል። አቶ ገብረወልድ ግን የቅዳሜ ገበያ ሲቆም ቅቤ ሻጮቹ መሀል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጨዋታውን ከነመጨረሻው ያወራሉ። በእሳቸው አፍ ደኑ ይንሾካሾካል፤ ዛፎቹ የሰው ስም ይጠራሉ፤ ጅቡ ከመብላቱ በፊት ይቅርታ ይጠይቃል። ከዋሻው ሥር ደግሞ አንድ ንጉሥ ተኝቷል። ልጅቷ ፋኖሷን ፊቱ ላይ ስታደርግ ይነቃል፤ ያን ጊዜ ጨለማው ይገፈፋል።

ገበያተኛው ይህን ከቅቤውና ከማሩ ጋር ይዞ ወደየአገሩ ገባ። ወሬ ደግሞ እንደ ቡቃያ ነው፤ በየሄደበት ያድጋል። ከአርጆ ዞሮ ነቀምቴ ሲመለስ «በብርቄ ሻይ ቤት ንጉሡ ሊነቃ ነው» ሆኖ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እሸቱም በዚህ መልኩ ሰሙት።

ጓድ እሸቱ አብዮቱን ከልባቸው የሚወዱ፣ አብዮቱም እንዲወዳቸው የሚለፉ ሰው ነበሩ። ንጉሥ ከወረደ ስንትና ስንት ዓመት አልፎት፣ እሳቸው ቀበሌ ውስጥ፣ ያውም በሻይ ቤት ሊነቃ! እሑድ ከሰዓት ሁለት የአብዮት ጥበቃ አስከትለው ገቡ። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ከጅብ ጋር ተናንቃ ነበር፤ ሽቦው ሲነቀል ሁለቱም ጠፉ። ሳጥኗን ወሰዱ፣ ካሴቱን ወሰዱ፣ ቴሌቪዥኑን ወሰዱ፣ ጃራንም ወሰዱ።

«የሱ ጥፋት ምንድነው፣ ጓድ?» አለች ብርቄ በሩ ላይ ቆማ።

«የተማረው በመንግሥት ገንዘብ ነው፤ የሚያነቃው ግን ንጉሥ ነው» አሏት።

ብርቄ ያን ቀን ከዚያ ወዲያ ሻይ አላፈላችም። በዚያ ዘመን ወደ ቀበሌ የገባ ሰው ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ አልነበረም። ለወንድሟ ምን ብላ ትነግረዋለች? ጥግ ያለችውን ባዶ ወንበር አየቻትና ጥርሷን ነከሰች። «ምላሳቸውን ይቁረጠው!» አለች፤ የዚያን ቀን ከልቧ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት የሻይ ቤቱ ደንበኛ በሙሉ ቀበሌ አዳራሽ ተጠራ። ጃራ ጫማውንና ቀበቶውን አውልቆ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጓድ እሸቱ ከጢማሞቹ የሶሻሊዝም አባቶች ሥዕል ሥር ቆመው ጠየቁ።

«ጨዋታው ውስጥ ንጉሥ አለ ወይስ የለም?»

«የለም» አለ ተረፋ።

«መጨረሻው ላይ ደርሰሃል?»

«አልደረስኩም።»

«ያልደረስክበትን የለም ብለህ ታረጋግጣለህ?»

ሙሉነሽም ተነሥታ እንደዚያው ወደቀች። ጃራ እንኳ መሐላውን «መጨረሻውን አይቼው አላውቅም» በማለት ሲጨርስ አዳራሹ አጉረመረመ። እንዲህ ያለ ምርመራ ውስጥ እውነት የሚናገር ሰው ራሱን ነው የሚያስረው።

«እንግዲህ አንድ ምስክር አለን» አሉ ጓድ እሸቱ። «ንጉሡን አይቼዋለሁ ብሎ በገበያ መሀል ያወራ። አቶ ገብረወልድ!»

ከዘራው ወለሉን ሲመታ ተሰማ። ብርቄ ዓይኗን ጨፈነች። ሊቀ አስተያየት አዳራሽ ሙሉ ሰው አግኝተው፣ ያውም በመንግሥት ተጠይቀው ዝም ሊሉ? ጃራ አለቀለት።

«ንጉሡን አይተዋል?»

«አላይም» አሉ አቶ ገብረወልድ።

«አላየሁም ነው የሚሉት?»

«አላየሁም አይደለም፣ ጓድ። አላይም። ዓይኔ አያይም።»

አንድ ሰው ሳቀ። ጓድ እሸቱ ግን አልሳቁም። «እዚህ አዳራሽ ስንት ስብሰባ ተቀምጠዋል! እስቲ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ምንድነው?»

«ለእኔ ግድግዳውም የለም። ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጭባለሁ፤ ሲነሣ እነሣለሁ።» ወደ አዳራሹ ዞር አሉና፣ «እስከ ዛሬ ልዩነቱን ያወቀብኝ የለም» ብለው ጨመሩ።

ጓድ እሸቱ ቀረብ ብለው እጃቸውን በሰውዬው ፊት ላይ አወዛወዙ። ዓይናቸው አልተከተለም። ሙሉነሽ አፏን ያዘች።

«ታዲያ ንጉሡን ከየት አመጡት?»

«ከራሴ። ልጆቹ ሲጫወቱ ይጮሃሉ፤ የጮሁትን እሰማለሁ፤ የጎደለውን እሞላለሁ። መጨረሻው ላይ የደረሰ የለም። ወሬ ያለ መጨረሻ አይሸጥም፤ ስለዚህ አንድ ንጉሥ አስተኛሁበት። ያደግሁበት ተረት ሁሉ የሚያልቀው በንጉሥ ነው፤ ሌላ መጨረሻ አላውቅም። ልጁ ከዚህ የለበትም፤ እኔ ነኝ። አሁን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይኸው፦ ስለዚያ ጨዋታ የማውቀው አንድም ነገር የለም።»

ብርቄ ዓይኗን ገለጠች። ይህ ሰው «አላውቅም» ሲል የሰማው በነቀምቴ ማን ነው? ያን ጊዜ ጭራ የሌለው ጅብ፣ ሰላም ያልተባለው ጉቶ፣ ወረፋ የሌለው ጠንቋይ ቤት አንድ ላይ መጡባት። «ጅቡ ምን ይመስላል?» ብለው ቢጠይቁ ሰው «አይታይዎትም እንዴ?» ሊላቸው ነው። «ጭራ የለውም» ሲሉ ግን ከተማው በሙሉ ተነሥቶ ከጭራው እስከ ጥፍሩ ይነግራቸዋል። አውቀው ሲሳሳቱ የኖሩት እንዲነገራቸው ነበር።

ጓድ እሸቱ ተቸገሩ። ዓይነ ስውር ያየውን ንጉሥ ለበላይ አካል ሪፖርት ማድረግ ለሪፖርት አድራጊውም ጥሩ አይደለም። አቶ ገብረወልድ ንቃታቸው ዝቅተኛ በመሆኑ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ እንዲከታተሉ ተወሰነ። ጃራ ተለቀቀ። ሳጥኗ ከካሴቱና ከቴሌቪዥኑ ጋር ለተጨማሪ ጥናት ቀበሌ ቀረች፤ ከሳምንታት በኋላ ስትመለስ ማዝለያው ቁልፍ ላይ ያለው ፊደል በጣት ብዛት ጠፍቶ ነበር። ጥናቱ ጥልቅ እንደነበር ማንም አልተጠራጠረም።

አቶ ገብረወልድ ግን ሻይ ቤት አልመጡም። ሳጥኗ ከተመለሰች አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሌላም። ተረፋ ይጫወታል፣ ልጅቷ ትሞታለች፣ የሚናገር የለም። ዝምታው ለብርቄ እንደ ጥርስ ሕመም ሆነባት። አንድ ጠዋት ሙሉነሽን አስከትላ ቤታቸው ሄደች። በሩን ከፍተው፣ እንደሚያዩ ሳያስመስሉ፣ ማን እንደሆነች እስክትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበቁ።

ሙሉነሽ ወደ ብርሃን አዙራ ዓይናቸውን አየች። «ሞራ ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። «የዓይን ሞራ! የዓይን ሐኪም ከአዲስ አበባ እየመጣ ሆስፒታላችን ውስጥ ያወጣል። ከበሬ እስከ ግሬደር ሲተቹ ይህችን ለእኔ መናገር አቃተዎት?»

«እህቴ ደብረ ማርቆስ ናት። ዓይኔ መድከሙን ብትሰማ መጥታ ትወስደኛለች» አሉ። «ጎጃምን የማውቀው በአባቴ አፍ ነው። እዚያ ሄጄ ማንን ልተች? ሰዉን አላውቀውም።»

«ማንም አይወስድዎትም» አለች ብርቄ። ቶሎ ብላም ወደ ቁጣ ዞረች። «ወንበሩን ለሌላ ሰው ብሰጥ ይሻላል ወይስ ሆስፒታል ይገባሉ?»

ሐኪሙ መጣ፤ ሞራው ወጣ። ሐኪሙ ጨርቁን ሲፈታ የሰማው የመጀመሪያ ምስጋና ስለ ፋሻው አጠማጠም ነበር፤ ጠበቅ ብሏል ተባለ። ብርቄ ይህን ስትሰማ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች።

እሑድ ከሰዓት ሊቀ አስተያየት ወፍራም መነጽር አድርገው ሻይ ቤት ገቡ። ሰው ተነሥቶ መንገድ ለቀቀ። በዚህ ጊዜ ጥግ አልሄዱም፤ ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጧቸው። ቴፑ ጮኸ፣ ደኑ በቀለ፣ ተረፋ ቁልፉን ያዘ። እንዲህ ተጠንቅቆ ተጫውቶ አያውቅም። ጉቶው አለፈ፣ ጉጉቱ አለፈ፣ ጅቡ ከነጭራው መጣ። ሰዉ የሚያየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን መነጽሩን ነበር። ልጅቷ ዋሻው አፍ ላይ እንደ ልማዷ ሞተች።

«እህስ፣ ጋሼ?» አለ ተረፋ።

አቶ ገብረወልድ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ይሄ ነው?» አሉ።

«ይሄ ነው።»

«ይቺ ነጠብጣብ ልጅቷ ናት? ያቺ ደግሞ ጅቡ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እናንተ የነገራችሁኝ ይበልጣል» አሉ አዝነው። «በጣም ይበልጣል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጃራ ራሱ እስኪያነባ ሳቀ። ሊቀ አስተያየት ከቴሌቪዥኑ ዞር አሉና ቤቱን መገምገም ጀመሩ። ግድግዳው አረንጓዴ መቀባት አልነበረበትም፤ ተረፋ ወፍሯል፤ ሙሉነሽ በድምፅዋ የምትመስለውን ያህል ቁጡ አይደለችም። ፍርዱ ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ምድጃው ጋ ደረሰ። ብርቄ ተራዋ መሆኑን አውቃ፣ ከሻሿ ሥር ያመለጠውን ጸጉር ለመመለስ እጇን ሰደደች።

ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ሸብተሻል» አሉ ቀስ ብለው። «መቼ ነው? ይህን ማንም አልነገረኝም።»

«እርስዎስ መቼ ጠየቁ?» አለች ብርቄ። «ዘመንዎን ሁሉ ስለ ጅቡ ነው የጠየቁን።»

ጸጉሯን ግን ወደ ሻሿ አልመለሰችውም። እንደወጣ ተወችው።